የተወጠረው ሜምብሬን እና ምላጩ

ሳጥኑ አልቆ ውሃ መሙላት ብቻ ሲቀረው ነው ዶክተሩ ምላጭ የጠየቁት።

ለፊዚዮሎጂ ማስተማሪያ የታዘዘ የኮክሊያ (በውስጠኛው ጆሮ ያለ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ የመስሚያ አካል) ሞዴል ነበር፤ አሥር እጥፍ የጎላ፣ ጥምዝምዙ ተፈትቶ ቀጥ የተደረገ። በኮክሊያው ርዝመት ተዘርግቶ በድምፅ የሚንቀጠቀጠው ስስ ሽፋን፣ ባዚላር ሜምብሬን፣ በሰው ላይ ርዝመቱ 35 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴሉ ላይ 35 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስፋቱ በስቴፒስ (ድምፁን ወደ ውስጠኛው ጆሮ በምታስገባው ትንሽ አጥንት) በኩል 0.1፣ በጫፉ በኩል 0.5 ሚሊሜትር ገደማ ነውና ሜምብሬኑ እንዲያርፍበት በአክሪሊኩ (በጠንካራው ፕላስቲክ) ላይ የሚወጣው ስንጥቅ ከ1 ሚሊሜትር ተነስቶ 5 ሚሊሜትር ላይ ይደርሳል። ጀማሪ ይህን ይገለብጠዋል። የአጥንቱ ቱቦ ወደ ጫፉ እየጠበበ ሲሄድ ሜምብሬኑ እየሰፋ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱን አብሮ ያጠበበ ሰው ከጅምሩ ሌላ ነገር ሠርቷል። በዚህ ሳጥን ላይ ስንጥቁ ልክ ነበር። በጫፉ ላይ ከሜምብሬኑ በላይና በታች ያለውን ውሃ የሚያገናኘው ቀዳዳ፣ ሄሊኮትሪማው፣ ተበስቷል፤ ክብ መስኮቱም በስስ ጎማ ተሸፍኗል። ውሃ ስለማይታመቅ ያለዚያ መስኮት በስቴፒስ ቦታ ውሃውን የሚገፋው ፒስተን ንቅንቅ አይልም። ፒስተኑን የሚያንቀጠቅጠው፣ ከትንሽ ስፒከር የተወሰደው ነዛሪም ቦታውን ይዟል።

ሜምብሬኑን የሠሩት የወርክሾፑ አንጋፋ ቴክኒሺያን ናቸው። ስስ ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ወስደው፣ ከአራቱም ጎን እኩል ስበው፣ በሁለት አክሪሊክ መካከል በብሎን አሰሩት። አንዲት እጥፋት የለችበትም። በጣት ሲነካ እንደ ከበሮ ይመልሳል።

«ጋሼ፣ ምላጭ ይኖራል?»

«ምን ሊያደርግልዎት ነው ዶክተር?»

«አንድ ነገር ላሳይዎት።»

በሰፊው ጫፍ አጠገብ በርዝመቱ ቀደዱት። ቀዳዳው ወዲያው ተበረገደ።

«አዩ? የሰው ሜምብሬን ሲቀደድ ጠርዞቹ አይለያዩም። አልተወጠረማ።»

ቴክኒሺያኑ መልስ አልሰጡም። የሞዴሉን የሥራ ንድፍ ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «በደንብ ተወጥሮ ይታሰር» ይላል። የፈረሙበት ራሳቸው ዶክተሩ ናቸው።

«ይሄ ስህተት ነው፤ ይታረማል» አሉ ዶክተሩ።

«ይታረማል። አስቀድመው ቢነግሩኝ ግን የሚቀደደውን ለብቻው እሠራልዎት ነበር።»

ስለ ሜምብሬኑ ዶክተሩ ልክ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ሜምብሬኑን ተወጥረው የተቃኙ ክሮች አድርጎ አስቦት ነበር፤ ያ ሐሳብ ዛሬም ከሞዴል ሠሪዎች እጅ አልወጣም። ሃንጋሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ ከ1923 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቡዳፔስት፣ በሃንጋሪ ፖስታ የምርምር ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ ከአስከሬን የተወሰደ ጆሮ ውሃ ውስጥ እየሰረሰረ ከፍቶ ሜምብሬኑን ቀደደው፤ ጠርዞቹ አልተራራቁም። ጎን ለጎን ከጎማና ከውሃ ሞዴሎችን ይሠራ ነበር። በ1961 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይኸው ምርምር ነው።

ውጥረት ሞዴሉን የሚያበላሽበት ምክንያት በቁጥር ይታያል። ያልተወጠረ ስስ ሽፋን ግትርነቱ የሚመጣው መታጠፍን ከመቋቋም ነው፤ ስፋቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 625 ጊዜ ይቀንሳል። የተወጠረው ግን 25 ጊዜ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ቀጭኑ ድምፅ በጠባቡ፣ ወፍራሙ በሰፊው ጫፍ በኩል በደንብ ተለያይተው ቦታ ቦታቸውን ሊይዙ አይችሉም። በርዝመቱ የተሳበ ከሆነ ደግሞ አንዱ ነጥብ ጎረቤቱን ይጎትተዋል፤ በሜምብሬኑ ላይ የሚጓዘው ሞገድ ከፍ የሚልበት ቦታ ይደበዝዛል።

ላቴክሱ ተነስቶ በሲሊኮን ተተካ፤ ሲሊኮኑም እዚያው ስንጥቁ ላይ ፈሰሰ። ከሥር ለስላሳ የፕላስቲክ ወረቀት ይደረጋል፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ማሸጊያ ፕላስተር እየተደራረበ 0.2 ሚሊሜትር ከፍታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሲሊኮኑ በቀጥ ማስመሪያ ይላጋል። ሲሊኮን አክሪሊክ ላይ ስለማይጣበቅ በስንጥቁ ዳር ዳር ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በእነሱ አልፎ ራሱን ይቆልፋል። በቲን (ቆርቆሮ) ማድረቂያ የሚደርቀው ዓይነት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ያልፈለጉትን ውጥረት መልሶ ያመጣል። የሚሆነው በፕላቲነም የሚደርቀው ነው። እሱ ደግሞ ላቴክስ ጓንት የነካው ቦታ ላይ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ሰልፈር ያለበት የሞዴል ጭቃም እንዲሁ ያደርገዋል። ናይትራይል ጓንት ይለበስ፤ የድሮው ላቴክስ የነካው አክሪሊክም በደንብ ይታጠብ።

ከዋናው ጎን፣ አብሮ ከተበጠበጠው ሲሊኮን ላይ፣ በትርፍ አክሪሊክ የአንድ መዳፍ ያህል የፍተሻ ቁራጭ ይፈሳል። ምላጭ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቴክኒሺያኑ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ሊሰሙ ይገባ ነበር። በሙያ የተሠራን ነገር ሠሪው ፊት ሳያስፈቅዱ መቅደድ፣ የተባለው እውነት ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም።

ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሳጥኑን አዘንብሎ ከታች መሙላት ነው። አንዲት የቀረች የአየር አረፋ እንደ ሁለተኛ ክብ መስኮት ስለምታገለግል ግፊቱ ሜምብሬኑን ትቶ በእሷ በኩል ያልፋል። ነዛሪው በ200 ኸርዝ፣ ስትሮብ መብራቱ (ብልጭ ድርግም የሚለው) በ199 ሲሠሩ ሞገዱ በሰከንድ አንድ ጊዜ እየተጓዘ ይታያል። እንቅስቃሴው ትንሽ ስለሆነ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል፤ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ጥቂት የአሉሚኒየም ዱቄት ቢነሰነስበት ይቀላል።

የመጨረሻው ፍተሻ ነዛሪውን ነቅሎ በሰፊው ጫፍ በኩል መትከል ነው። ቤኬሺ እንዳሳየው ሞገዱ ያኔም ከጠባቡና ከግትሩ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሰፊው ይጓዛል። ዶክተሩና ቴክኒሺያኑ ይህንን ጎን ለጎን ቆመው አዩት። ሞገዱ ከሰፊው ጫፍ ከተነሳ ግን ሳጥኑን ለመፍታት አይቸኮል፤ መጀመሪያ አረፋ ይፈለግ፣ ቀጥሎ ክብ መስኮቱ መላወሱ ይታይ፤ ሜምብሬኑ የሚጠረጠረው ከዚያ በኋላ ነው።