ከአሮጌ አልጋ የጊታር አንገት ይወጣል?

የመጀመሪያውን የጊታር አንገት የሠራሁት ከፈረሰ ቤት ከወጣ የበር መቃን ነው። መቃኑ ቀጥ ያለ፣ ከባድና ጠንካራ ነበር። «ስንት ዓመት የቆየ እንጨት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይደርቃል?» አልኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ቀደድኩት፣ ላግኩት፣ ቀረጽኩት። የጣት ሰሌዳውን በኮላ አጣበቅኩ፣ ፍሬቶቹን፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ አግድም የሚገቡትን ቀጫጭን ብረቶች፣ መታሁ፣ ክር አሰርኩ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ደስታዬን አልቻልኩትም።

በሳምንቱ ወፍራሙ ክር «ዝዝዝ» ማለት ጀመረ። ጊታሩን አንስቼ ከራሱ፣ ማለትም ክሮቹ ከሚወጠሩበት ጫፍ፣ በኩል በአንድ ዓይኔ አንገቱን ቁልቁል አየሁት። ሁለቱ ጠርዞች እኩል አይሄዱም። አንገቱ እንደሚጨመቅ ልብስ ዞሯል። ትረስ ሮዱን፣ ማለትም በአንገቱ ውስጥ የሚቀበረውን የብረት ዘንግ፣ ወዲህም ወዲያም አጠበቅኩት፣ አላላሁት። ምንም ለውጥ የለም። ዘንጉ የሚያስተካክለው አንገቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲጎብጥ ነው። ለመጠማዘዝ መድኃኒት የለውም። ያን ሁሉ ሥራ ነቅዬ አስቀመጥኩት። በጣም ነበር ያዘንኩት።

ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንጨቱ አሮጌ ስለሆነ የደረቀ፣ ከደረቀ ደግሞ የረጋ መስሎኝ ነበር። የበር መቃን ግን አንዱ ፊቱ ፀሐይና ዝናብ ሲመታው ይኖራል፣ ሌላው ፊቱ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ በምስማር ተቸንክሮ ከግድግዳ ጋር ታስሯል። ሊጣመም ሲል የሚይዘው ግድግዳው ነው። እኔ ነቅዬ ስቀደው ያ ሁሉ የታመቀ ውጥረት ተለቀቀ። የእንጨት ጠባይ የሚታወቀው ከተቀደደ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ሳልጠብቅ ቀረጽኩት።

ሁለተኛው እንጨት የአንድ አሮጌ አልጋ የጎን ጣውላ ነው። ርዝመቱ 190 ሳንቲም፣ ወርዱ 14፣ ውፍረቱ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ዕድሜውን ሁሉ ቤት ውስጥ ነው ያሳለፈው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ጠረጴዛ የነበረ እንጨት የቤት ውስጥ አየር ለምዷል፤ ጊታርም የሚኖረው እዚያው ነው።

መጀመሪያ በማግኔት ዳሰስኩት። የተሰበረ ምስማር ውስጡ ከቀረ የመላጊያውን ስለት ይጨርሰዋል። ምስማር በነበረበት ቦታ ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሮ ካያችሁ ያ የብረት ዝገት ነው፤ ጥቁረቱ ጠልቆ ከሄደ ያን ክፍል ቁረጡት። ቀጥሎ ነቀዝ። ቀዳዳዎቹ አሮጌ ይሁኑ አዲስ ለማወቅ ጣውላውን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጌ ለጥቂት ቀናት ተውኩት። አዲስ ዱቄት አልወረደም። ቀለም የተቀባ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አልፈትገውም ነበር፤ በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት (ሌድ) ሊኖር ይችላል፣ ብናኙም መርዝ ነው። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ለምትፈቱም አንድ ነገር ልበል። ማኅተሙ ላይ «ኤችቲ» (HT) ካለ እንጨቱ የታከመው በሙቀት ነው። «ኤምቢ» (MB) ካለ ሚታይል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ነውና ተዉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ የቃጫው አካሄድ። የጊታር አንገት ያለማቋረጥ ይጎተታል። በተለመደው ቀጭን ክር የኤሌክትሪክ ጊታር ወደ 45 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፣ የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ደግሞ ከ70 ኪሎ ያልፋል። ይህን ጉተታ የሚሸከመው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ ቃጫ ነው። ቃጫው ሰያፍ ሆኖ ከጎን ከወጣ አንገቱ እዚያ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፣ በተለይ የጊታሩ ራስ ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት ቀጭን ቦታ።

ችግሩ ዓይን መታለሉ ነው። ላዩ ላይ ቆንጆ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል፤ ጎኑን ስታዩት ግን መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ከጣውላው ጫፍ 10 ሳንቲም ያህል ቁራጭ ቆርጬ አቆምኩት፣ መሮ አናቱ ላይ አድርጌ በመዶሻ መታሁት። እንጨት ሲሰነጠቅ የሚከተለው ቃጫውን ነው፤ መጋዝ የሄደበትን መስመር አይከተልም። «ቷ!» ብሎ ተከፈለ። ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች የሸሸው 3 ሚሊ ብቻ ነው። ውስጡ እንደ ሐር ያብረቀርቃል። ያን ዕለት ከተጣለው የበር መቃን የተረፈ ቁራጭ አውጥቼ እሱንም ሰነጠቅኩት። 2 ሳንቲም ሸሸ። ይህን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ቀድሜ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ያ መቃን መጋዝ ባልነካው ነበር።

ክብደቱንም አየሁ። 10 በ5 በ2 ሳንቲም የሆነ ቁራጭ አስተካክዬ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አኖርኩት፤ 56 ግራም። የ100 ሴንቲ ሜትር ኩብ እንጨት ነውና ጥግግቱ 0.56 መሆኑ ነው። ለአንገት የሚወደደው ማሆጋኒ እዚያው አካባቢ ነው፣ ጠንካራው ሜፕል ደግሞ ወደ 0.7 ይጠጋል። ግን ክብደት ብቻውን አያስተማምንም። ከጣውላው አንድ 3 በ1 ሳንቲም ቀጭን ዘንግ፣ ከማሆጋኒም ልክ እሱን የሚያህል ቀደድኩ። በ60 ሳንቲም ርቀት በቆሙ ሁለት ድጋፎች ላይ ተራ በተራ አጋድሜ መሐላቸው ላይ 5 ኪሎ ሰቀልኩ። ማሆጋኒው 9 ሚሊ ረገበ፣ የአልጋው 8። የዛፉን ስም ለማወቅ ከመድከም ይህ ይሻላል። ማሆጋኒ ከማሆጋኒም ይለያያል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ጣውላውን በ72 ሳንቲም ሁለት ቦታ ቆርጬ እያንዳንዱን በ4 ዘንግ ቀደድኩት። 8 ዘንጎች። እያንዳንዱ ላይ ቀኑንና ክብደቱን በእርሳስ ጻፍኩ። አየር በመሐላቸው እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ ደረደርኳቸው። በየሳምንቱ እመዝናለሁ። ክብደቱ መለዋወጡን ሲያቆም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ከ6 እስከ 8 በመቶ ያለውን ይፈልግ።

መጠማዘዙን የማየው በሁለት ቀጥ ያሉ ማስመሪያዎች ነው። አንዱን በዘንጉ አንድ ጫፍ፣ ሌላውን በሌላው ጫፍ ላይ አግድም አስቀምጣለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በአንድ ዓይን የፊተኛውን ጠርዝ ከኋለኛው ጋር አስተያያለሁ። ጠርዞቹ ካልተገጣጠሙ እንጨቱ ዞሯል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ8ቱ 2ቱ ተጣመሙ። ሁለቱም ጉጥ አጠገብ ያለፉ ነበሩ። ጉጥ ባለበት ቃጫው ዙሪያውን ይጠመዘዛል፤ ጉጡ ራሱ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ አጠገቡ ያለው እንጨት ሰላም የለውም። ሁለቱን ያለ ጸጸት ለሌላ ሥራ አዋልኳቸው።

ከቀሩት ሦስት መረጥኩ። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ጣውላው ሲታይ የእድገት ቀለበቶቹ ከሰፊው ፊት ጋር ተኝተው ይሄዱ ነበር። ዘንጎቹን በጎናቸው ሳቆማቸው ቀለበቶቹም አብረው ቆሙ። እንዲህ የቆመ እንጨት የአየር እርጥበት ሲለዋወጥ ብዙም አይወላገድም። መሐለኛውን ደግሞ ጫፉን አዙሬ አስገባሁት፤ አንዱ በዚህ ሊዞር ሲል ሌላው በዚያ እንዲይዘው። ኮላ ቀብቼ በሞርሳ አጠበቅኳቸው። ኮላው ቢደርቅም ሌላ ሁለት ሳምንት ተውኩት። ከኮላው የገባው ውሃ መውጣት አለበት።

ቀረጻውንም አላጣደፍኩም። ወፍራም አድርጌ ቀረጽኩ፣ ቀናት አሳደርኩ፣ በማስመሪያዎቹ አየሁ፣ እንደገና አቀጠንኩ። መላጊያው ከዓይኔ አንዴም አልቀደመም፤ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መላግ።

ጊታሩ ክር ከታሰረበት 8 ወር ሆነው። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ስጫነው 7ኛው ፍሬት ላይ ወደ 0.2 ሚሊ ክፍተት አለ፤ የምፈልገው እሱኑ ነው። ከራሱ በኩል ቁልቁል ሳየው ሁለቱ ጠርዞች እኩል ይሄዳሉ። የቀሩት ሦስት ዘንጎች መደርደሪያው ላይ ናቸው። ላያቸው ላይ የተጻፈው ክብደት ካለፈው ወር ወዲህ አልተለወጠም። ቀጣዩ አንገት ከነሱ ነው የሚወጣው።