ቸርችል፣ ዝናብና የኋላ ጎማ

ዛሬ የአክስቴ ልጅ መኪናውን ለግማሽ ቀን ሰጠኝ። አሮጌ ቢኤምደብሊው ኢ46 ናት። ሞተሯ ፊት ነው፣ የሚገፏት ግን የኋላ ጎማዎቿ ናቸው። እኔ የለመድኩት በፊት ጎማ የምትጎተተውን ኮሮላዬን ነው።

በቸርችል ጎዳና ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስወጣ ዝናቡ ጀመረ። ዳገቱ ላይ መብራት ያዘኝ። «አሁን ጎማው በባዶ ይሽከረከርና የሚኒባስ ረዳቶች መሳቂያ እሆናለሁ» ብዬ ፈራሁ። ለካ ነገሩ ተቃራኒው ነው! ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚገፋው ጎማ አስፋልቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ኮሮላዬ ብትሆን ፊቷ ቀልሎ ጎማዋ ይጮህ ነበር።

ደግሞ መሪው! የፊት ጎማ ሥራው መታጠፍ ብቻ ሲሆን እጅ ላይ ሌላ ነው። የእኔዋ ምስኪን ይጎትታልም፣ ይታጠፋልም። በአንድ ደሞዝ ሁለት ሥራ።

ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስታጠፍ ግን ነዳጅ አበዛሁ። ኋላዋ ሸርተት አለ። እመብርሃን! ዳሽቦርዱ ላይ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ቢጫ መብራት ብልጭ አለና መኪናዋ ራሷን ሰበሰበች። እኔ ግን እስካሁን አልተሰበሰብኩም።

ሳስበው ሰማያዊና ነጭ ላዳዎቻችንም በኋላ ጎማ ነበር ይህን ዳገት የሚወጡት። ያውም ሰውና ዕቃ ጭነው።

ቁልፉን ስመልስ «ፎር ዊል ግዛ» አለኝ። አውዲ አራቱም ጎማዎቿ የሚገፏትን ኳትሮን ካወጣ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚባል ነገር ነው። በእርጥብ መንገድ ለመነሳት አራቱም ሲገፉ እውነትም ያምራል። ፍሬን ስትይዝ ግን ምንም አይጨምርልህም፤ የኔ ኮሮላም የምትቆመው በአራት ጎማ ነው። ነዳጁን ደግሞ ማን ይከፍላል?

ቅዳሜ ድጋሚ እለምነዋለሁ።