የሚወጣውን መለካት፦ በአሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ላይ የአሥራ አራት ወር የጥገና ማስታወሻ

ከሐረማያ ወደ ድሬዳዋ አትክልት የማመላልስበትን ላንድክሩዘር ፒካፕ መደበኛ ጥገና በራሴ እጅ መሥራት ከጀመርሁ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። መኪናው ኤችዜድጄ 75 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ተርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ መኪና ይዛችሁ እንደ እኔ በመማር ላይ ላላችሁ ነው። በሙያው ለዓመታት የቆዩት ሁሉንም ያውቁታል፤ ለእኔ ግን እያንዳንዱ ነገር አዲስ ነበር።

ስጀምር ደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ብቻ ነበረ፤ የመኪናው መጽሐፍ ለሞተር፣ ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ)፣ ለዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ለሚያካፍለው ክፍል) እና ለራዲያተር ይህን ያህል ሊትር ይሞላ የሚለውን የገለበጥሁበት። ሁለተኛውን ዓምድ፣ ማለትም ከመኪናው የወጣውን መጠን፣ የጨመርሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ዛሬ ከሁለቱ አንዱን ሰርዝ ብባል የምሰርዘው የመጀመሪያውን ነው። የመጽሐፉን ቁጥር በፈለጉት ጊዜ ማግኘት ይቻላል፤ ሳይለካ የፈሰሰ ዘይት ግን ምን ያህል እንደነበረ መልሶ ማወቅ አይቻልም። መለኪያዬ ከላይ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ነው። በአንድ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ውኃ እየጨመርሁ በየግማሽ ሊትሩ ጎኑን በምስማር ጭሬ ምልክት አደረግሁበት።

የሁለተኛው ዓምድ ሐሳብ የመጣልኝ ከሞተር ዘይት ነው። ይህ ሞተር ከነፊልትሮው ከዘጠኝ ሊትር ተኩል ያላነሰ ዘይት ይይዛል። ከዚያ በፊት ዘይት የሚቀየርልኝ ጋራዥ ውስጥ ሲሆን፣ ሁልጊዜ የምገዛው ባለ አራት ሊትር ሁለት ጋሎን ነበር፤ ለአብዛኛው መኪና ይበቃልና ማንም አልተጠራጠረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ቡሎኑን ፈትቼ ሳፈስ ከጀሪካኑ ምልክት ሰባት ተኩል ላይ ቆመ። የጎደለው ዘይት ተቃጥሎ ነው ብዬ ደነገጥሁ፤ ነገር ግን የወጣው መጀመሪያ ከገባው ስምንት ሊትር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ሞተሩ ዘይት አልበላም፤ ከመነሻው አንድ ሊትር ተኩል ጎድሎት ነበር የሚሠራው። አሁን ውፍረቱ 15ደብልዩ-40 የሆነ የናፍታ ሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። መንገዴ ዳገትና አቧራ የበዛበት ስለሆነ ከዚህ ማራዘም ተገቢ አይመስለኝም። ስሞላ ዘጠኝ ሊትር አስገብቼ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሳለሁ፤ አጥፍቼ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) እስኪወርድ ከጠበቅሁ በኋላ በመለኪያው ዘንግ አይቼ የቀረውን በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ካምቢዮው ነው። ወደ ደንገጎ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሳይሆን፣ ዳገቱ አልቆ በአዴሌ በኩል ሜዳው ላይ አምስተኛ ማርሽ ስይዝ ቀጭን ፉጨት መሰማት ጀመረ። ከመኪናው ሥር ግን አንድም የዘይት ጠብታ አይታይም። የሚያንጠባጥብ ነገር ከሌለ ዘይቱ ሙሉ ነው ብዬ ሁለት ወር ነዳሁት፤ እዚህ ላይ የደረሰብኝ በእናንተ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ሥራውን በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ካምቢዮውም ሆነ ከኋላው የተያያዘው ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ሁለት ሁለት ቡሎን አላቸው፤ የላይኛው መሙያ፣ የታችኛው ማፍሰሻ። አስቀድሞ መፈታት ያለበት ሁልጊዜ መሙያው ነው። ማፍሰሻውን ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታም ቢል መኪናው ያለ ዘይት ሜዳ ላይ ይቀራል። ትክክለኛው ልክ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞና ቀዝቅዞ ሳለ፣ ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ሲደርስ ነው። የካምቢዮውን መሙያ ፈትቼ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ብሰድ ምንም አልነካም፤ ደረቅ ነው። ከበስተኋላው ያለውን የትራንስፈሩን መሙያ ስፈታ ደግሞ ቡሎኑ ገና ጥርሱን ሳይጨርስ ዘይቱ በጎኑ ፈንቅሎ በክንዴ ላይ እስከ ክርኔ ወረደ። ሁለቱንም ለየብቻ አፍስሼ ለካሁ። ከካምቢዮው የወጣው 3.4 ሊትር፣ ከትራንስፈሩ የወጣው 3.5 ሊትር ነበር። መጽሐፉ ለካምቢዮው አምስት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው፣ ለትራንስፈሩ ደግሞ ከሁለት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ መጠን ይሰጣል። ሁለቱን የመጽሐፉን ቁጥሮች ደምሬ፣ የወጡትን ሁለቱንም ደምሬ ጎን ለጎን ስጽፋቸው ድምራቸው አንድ ሆነ።

ዘይቱ የትም አልጠፋም። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያልፍ በዘንጉ ዙሪያ የሚያትም ቀለበት) ሲያልቅ የካምቢዮው ዘይት በዘንጉ ዙሪያ እየሰረገ ወደ ትራንስፈሩ ይሻገራል፤ በዚህ የላንድክሩዘር ትውልድ ላይ በሰፊው የሚታወቅ ድካም ነው። አንደኛው በዘይት እጥረት ሲፋጭ ሌላው ከልኩ በላይ ሞልቶ ይግላል፤ ከውጭ ግን መሬቱ ንጹሕ ነው። ካምቢዮው ጎድሏል ብዬ ብሞላ ኖሮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይጎድላል፤ ትራንስፈሩን ብቻ ባይ ደግሞ ሞልቷል ብዬ አልፈዋለሁ። ፓራኦሊዮውን ለመቀየር ትራንስፈሩ መውረድ ስላለበትና ለብቻ የሚሠራ ሥራ ስላልሆነ፣ ከዚራ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰድሁት። ደብተሬን ሳሳያቸው ጥቂት ዝም ብለው ቁጥሮቹን አዩና፣ «አቦ፣ ይሄን ይዘህ ከመጣህማ እኔ ምን ቀረኝ፣ መፍታት ብቻ ነው» አሉኝ። ለካምቢዮው ዘይት ስመርጥ ጂኤል-4 ደረጃ ያለውን 75ደብልዩ-90 ወሰድሁ፤ ለከባድ ጫና የሚሆነው ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም በማርሽ ማስማሚያ የነሐስ ቀለበቶች ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ እሱን ለዲፈረንሻሎቹ ለየሁት።

ሁለተኛው ረጅም ትምህርቴ የራዲያተሩ ውኃ ነው፤ ይህ የድሬዳዋን ነዋሪ ሁሉ የሚመለከት ይመስለኛል። ከተማችን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ በካልሲየም የከበደ ነው። ውኃ የምናፈላበትን ዕቃ ውስጡን ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል፤ ሙቀትንም እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ያስቀራል። ድሬዳዋ ላይ ውኃ በረዶ አይሆንም፣ ስለዚህ አንቲፍሪዝ (ከራዲያተሩ ውኃ ጋር የሚቀላቀለው በረዶ ተከላካይ ፈሳሽ) ገንዘብ ማባከን ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ አለ፤ እኔም በዚሁ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ስጨምር ኖሬአለሁ። በመጋቢት አንድ ቀን ግን እኩለ ቀን ላይ ዕቃ ጭኜ ወደ ደንገጎ ስወጣ ሞተሩ ፈላብኝ። ጥላ ፈልጌ ቆሜ፣ ክዳኑን ሳልነካ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ራዲያተሩ ሲከፈት ከቱቦዎቹ ሲሶ ያህሉ በነጭ ቅርፊት ተደፍነው ነበር።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ረድቶኛል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ከዚህ በላይ ግሎ እንዲሠራ የሚያስችለው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ይነሳል። የእኔ ደርቆ ነበር። አንቲፍሪዝ ደግሞ ከበረዶ መከላከያነቱ ባሻገር የመፍያ ነጥቡን ይጨምራል፤ ዝገትን የሚከላከሉ ቅመሞችም አሉት።

እዚህም ላይ የወጣውን መለካት ከስሕተት አዳነኝ። የመኪናዬ ማቀዝቀዣ በጠቅላላው 11 ሊትር የሚጠጋ ይይዛል፤ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ቧንቧ ብቻ ስከፍት የወጣው ግን 6 ሊትር ነው። የቀረው ሞተሩ ብሎክ ውስጥ ነበር። በዚያው ላይ ግማሽ በግማሽ የተበረዘ 6 ሊትር ብሞላ የአንቲፍሪዙ ድርሻ ከመቶ 27 ያህል ብቻ ይሆን ነበር፤ አሮጌው ውኃ ከነኖራው ተቀምጦ። ስለዚህ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ የብሎኩን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቼ፣ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ደጋግሜ አጠብሁ። ከዚያም ያልተበረዘውን አንቲፍሪዝ አምስት ሊትር ተኩል አስቀድሜ ጨምሬ የቀረውን በተጣራ ውኃ ሞላሁ። የተጣራውን ውኃ የምገዛው ከባትሪ ቤት ነው፤ «የባትሪ ውኃ» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ አሲድ ሊሰጣችሁ ስለሚችል የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ።

የፍሬን ዘይት መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሁሉንም መስመር ለማጠብ አንድ ሊትር ይበቃል። ከደንገጎ ወደ ድሬ ድንች ጭኖ የሚወርድ ሰው ግን ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ የሚጠበቀው ዝቅተኛ ልክ 140 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያረጀው ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይልማል። የእኔው ሲወጣ ቀለሙ እንደ ቡና ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ፣ እኔ ከጎማው ሥር ተኝቼ፣ ከሩቁ ጎማ ጀምረን አየሩን አስወጣን። «ርገጥ» ስለው ይረግጣል፤ «ይዣለሁ፣ ጋሼ» ሲለኝ እፈታለሁ፤ ዘይቱ ፈሶ እንደቆመ ጠብቄ ካሰርሁ በኋላ ነው እግሩን የሚያነሳው። ይህ ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ከተዛባ አየር ተመልሶ ስለሚገባ ቃሎቹን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። አሁን በየሁለት ዓመቱ ሊቀየር ተመዝግቧል፤ ስወርድም ዳገቱን በወጣሁበት ማርሽ ነው።

ዲፈረንሻሎቹን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በክረምት የወንዝ አሸዋ ላይ ውኃ ካቋረጥሁ በማግሥቱ መሙያውን ፈትቼ የዘይቱን ቀለም አያለሁ፤ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻውና በፓራኦሊዮው በኩል ውኃ ሊስብ ይችላል፤ እንደ ወተት የነጣ ዘይት ደግሞ ወዲያው መቀየር አለበት። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የሚገኘው ለስላሳ ጥቁር ብናኝ የተለመደ ነው፤ ጣት የሚወጋ ስብርባሪ ግን አይደለም። የናፍታ ፊልትሮውን ውኃ በየወሩ አወጣለሁ። የአየር ፊልትሮውን በየሁለት ሳምንቱ ከውስጥ ወደ ውጭ በሚነፋ አየር አጸዳለሁ። ክሮቼራዎቹ (የማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያዎች) ውስጥ በየዘይት ቅያሬው ግራሶ አስገባለሁ። ያገለገለውን ዘይት በሙሉ በጀሪካን አጠራቅሜ ለሚወስዱ ሰዎች እሰጣለሁ፤ የምንጠጣው ውኃ ከዚሁ አሸዋ ሥር የሚወጣ ሆኖ ሳለ ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስን ልቀበለው አልችልም።

የቀረኝ ትልቅ ሥራ የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን መከፈት ከፒስተኖቹ እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ነው። መጽሐፉ 100,000 ኪሎ ሜትር ይሰጠዋል፤ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየሩት የጻፉት ነገር የለም። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ስለሚጋጩ ቆጠራውን ከዜሮ ለመጀመር ወስኛለሁ፤ ለዚህም ቺንጋውንና መወጠሪያውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው እሑድ፣ ፓራኦሊዮው ከተቀየረ 10,000 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ካምቢዮውንና ትራንስፈሩን እንደገና አፈሰስሁ። በዚህ ጊዜ የትራንስፈሩን መሙያ ስፈታ ክንዴ ላይ የወረደ ዘይት አልነበረም፤ ከቀዳዳው ከንፈር ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ ተንጠለጠለች። ከካምቢዮው 4.8 ሊትር፣ ከትራንስፈሩ 2.1 ሊትር ወጣ፤ ሁለቱንም በሁለተኛው ዓምድ ጻፍኋቸው።