የእማዬ ዳሌና አንዲት ብጣሽ ወረቀት

እማዬ የወደቀችው ማክሰኞ ማለዳ፣ ጊዮርጊስ ለመሳለም ነጠላዋን ደርባ ስትወጣ ነው። 71 ዓመቷ ነው። ቤታችን ሰባ ደረጃ አጠገብ ስለሆነ ሁሌ የምፈራው ደረጃውን ነበር፤ የጣላት ግን የገዛ ቤቷ ምንጣፍ ነው። ቀኝ እግሯ አጥሮ፣ ጣቶቿ ወደ ውጭ ዞረው ነበር። ትልቅ ሰው ወድቆ እግሩን እንዲህ ካያችሁት የጭን አጥንቱ ላይኛው ጫፍ ተሰብሯል ብላችሁ ተነሱ። እኔ አላወቅኩም። ጎረቤት «ዳሌዋ ወልቆ ነው፣ ወጌሻ ይያት» ሲል እሺ አልኩ፤ ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። በማግስቱ ወጌሻው መጥቶ አያት፤ እጁን እንኳ ሳያሳርፍባት «እህቴ፣ ይሄ የራጅ ነው» አለኝ። እግዜር ይስጠው። ያቺን ሌሊት ግን ዛሬም አልረሳትም።

አምቡላንስ፣ ካርድ፣ ራጅ፣ አልጋ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አለቀ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮት አንስቶ አስረዳኝ። ስብራቱ የአጥንቱ አንገት ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ስለሚችል፣ በእሷ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የአጥንቱን ራስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። የእሷ ግን ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ ጡንቻ የሚያያዝበት ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ወደ አጥንቱ የሚሄደው ደም አይቋረጥም፤ በብረት በደንብ ከተያዘ ይገጥማል። ብረቱን ዲኤችኤስ ይሉታል። ወፍራም ስክሩ (ብሎን) ወደ አጥንቱ ራስ ይገባል፣ ከጎን በፕሌት፣ ማለትም ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ ብረት፣ ይታሰራል፤ ሰውየው ሲረግጥ ስክሩ እየተንሸራተተ የተሰበረውን ያጠጋጋዋል።

ልጽፍ የተነሳሁት ስለዚህ ብረት ነው።

ሆስፒታሉ አልቆበት ነበር። ተረኛው ሐኪም ብጣሽ ወረቀት ላይ «ዲኤችኤስ፣ ባለ 4 ቀዳዳ» ብሎ ጽፎ ሰጠኝና ወደ ሌላ ታማሚ ዞረ። ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል እስከ ለገሃር እየጠየቅኩ ወረድኩ። አንዱ ሱቅ አለኝ አለ። አንድ ፕሌት፣ አንድ ወፍራም ስክሩ፣ አራት ትንንሽ ስክሩ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የአራት ወር ደሞዜ ነው። ላስቲኩን ደረቴ ላይ ይዤ ዳገቱን ስወጣ እናቴን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጾማ ገባች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስትሬቸሩ ተመልሶ ወጣ። አልነኳትም። የስክሩው ርዝመት የሚታወቀው እዚያው ኦፕራሲዮን ላይ፣ ሽቦ አስገብተው ሲለኩ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ልክ ተዘጋጅቶ መቅረብ አለበት። እኔ ያመጣሁት አንድ ልክ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ይህን ያውቃል። የሸጠልኝም ያውቃል። ዕቃውን መልስልኝ ብለው «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ። ተራ የሚይዘው ቢሮ ሄድኩ፤ ሰውየው ከመዝገቡ ቀና ሳይል «ተራሽን ተጠቅመሻል፣ የሚቀጥለው ዓርብ» አለ። ተጠቅመሻል! እናቴ በባዶ ሆዷ ገብታ በባዶ ሆዷ ነው የወጣችው።

እንዲህ ያለ ስብራት በሁለት ቀን ውስጥ ቢሠራ ይመከራል፤ የእማዬ በ11ኛው ቀን ተሠራ። እነዚያን ቀናት እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከአልጋው ጫፍ ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ተንጠልጥሎበት በጀርባዋ ተኛች። በስድስተኛው ቀን ጀርባዋን ሳጥብ ከወገቧ ዝቅ ብሎ የሳንቲም ያህል የቀላ ቦታ አየሁ፤ ስጫነው አልነጣም። የአልጋ ቁስል ሲጀምር እንዲህ ነው። «አንድ አስታማሚ ብቻ» የሚለውን ደንብ ያን ቀን ተውኩት፤ ዘበኛው እስኪሰለቸኝ ድረስ እህቴን አስገባሁ። እናንተም ሁለት ሁኑ። አንዱ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ይደግፍ፣ ሌላው ይሩጥ።

መፍትሔውን የነገረችኝ ባለሥልጣን አይደለችም፤ ኮሪደር ላይ ባሏን የምታስታምም ሴት ናት። «ሙሉ ሳጥኑን ራሱ ሻጩ ያምጣ፣ የገባውን ብቻ ትከፍያለሽ» አለችኝ። ሌላ ሻጭ ያለ ምንም ክርክር ተስማማ። ስለዚህ ወረቀት ሲሰጣችሁ ከክፍሉ አትውጡ። ስንት ልክ ስክሩ? ሻጩ ሳጥኑን ያመጣል? ያልገባው ይመለሳል? መልሱን አጽፉ። ሐኪሙ ቢቸኩልም ይቸኩል።

ደም ወንድሜና አንድ ጎረቤት ተኩ። ኦፕራሲዮኑ ወገቧ ላይ በተሰጠ ማደንዘዣ ሆኖ በሰላም አለቀ። በማግስቱ አንዷ ነርስ «ሦስት ወር እንዳትረግጥ» አለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ግን በዎከር አቆማት፤ ሲኒየሩ ሐኪምም ብረቱ በደንብ ይዟልና ትርገጥ አለ። እሱን ሰማሁ፤ ደግ አደረግኩ። የሳንባ ምች የሚያመጣውም እግር ላይ ደም የሚያረጋውም መተኛት ነው።

ስትወጣ ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ቆሞ ወድቆ ዳሌው የሚሰበር ትልቅ ሰው አጥንቱ ሳስቷል፤ ካልታከመ ሌላ ስብራትም ሊከተል ይችላል። ይህን ያወቅኩት በሦስተኛው ወር ራሴ ጠይቄ ነው። አሁን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ትወስዳለች፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ አሌንድሮኔት የሚባለውን የአጥንት መሳሳት ክኒን በባዶ ሆዷ በብዙ ውሃ ትውጥና ግማሽ ሰዓት ሳትጋደም ትቀመጣለች። ምንጣፉን አንስቻለሁ። ለሽንት ቤት አናጢ ወንበር ላይ ቀዳዳ አወጣልን።

በአራተኛው ወር ራጁ ላይ ስብራቱ ገጥሞ ታየ፤ ዎከሩን ትታ ከዘራ ያዘች። ስክሩው ሲንሸራተት ቀኝ እግሯ ትንሽ አጥሯል። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ ከቀኝ ጫማዋ ሥር ጎማ ጨመረላት። ባለፈው እሑድ እስከ ጊዮርጊስ በር አብረን ሄድን፤ መንገድ ላይ ሁለቴ ቆመን አረፍን። ያ አንድ ልክ ስክሩ አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ነው።