ብቻዬን በበረዶ ሸንተረር ላይ፦ እንዴት እንደወጣሁና ምን እንደተማርኩ

ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ጉልበትንና ድፍረትን ነው። እኔን ለዚህ ጉዞ ስዘጋጅ ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። ከሰው ጋር ስወጣ አንዱ "እንቀጥል" ሲል ሌላው "ቆይ እስቲ" ይላል። ብቻዬን ስሆን ግን የሚከራከረኝ የለም። ጫፉ ከፊቴ እየታየ፣ እግሬም እየታዘዘኝ ከሆነ፣ ለመቀጠል ምክንያት አላጣም።

ስለዚህ ክርክሩን ቤቴ ጨረስኩት። ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የማልሄድባቸውንና የምመለስባቸውን ሁኔታዎች ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሸንተረሩ ላይ ነፋሱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል ከተባለ ከቤት አልወጣም። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን የትም ብሆን ዞሬ እመለሳለሁ። ጭጋግ ወርዶ ቀጣዩን የመንገድ ምልክት ማየት ካቃተኝ እመለሳለሁ። እጄ በብርድ ደንዝዞ አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣቴ ጋር ማገናኘት ካቃተኝም እመለሳለሁ። ወረቀቷን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ላይ ከደረስኩ በኋላ ሕጉን እንዳላሻሽል ነው።

መንገዱ ለእኔ አዲስ አይደለም። በረዶ በሌለበት ወቅት ወጥቼዋለሁ፤ በበረዶም ከሌሎች ጋር ሄጄበታለሁ። ያ ባይሆን ኖሮ ብቻዬን አልሞክረውም ነበር። ማንም እንዲሞክር አልመክርም።

ደርሶ መልሱ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱ 1,100 ሜትር። ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት ትይዛላችሁ። በዚህ ከሄድን የኔ መንገድ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ችግሩ ስሌቱ እረፍትንም በረዶንም አያውቅም። አንድ ተኩል እጥፍ ሳደርገው ሰባት ሰዓት መጣ። ለእረፍትና ለልብስ መቀያየር አንድ ሰዓት ጨመርኩ። በዚያ ወቅት የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ በራስ ባትሪ ለመነሳት ወሰንኩ። ጨለማው በጠዋቱ ቢሆን ይሻላል። ሰውም ባትሪውም ትኩስ ናቸው፣ ወደፊት ያለውም ብርሃን ነው።

ትንበያ ሲታይ ትልቁ ስህተት የሸለቆውን ከተማ ትንበያ ማየት ይመስለኛል። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ታች 3 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ጫፉ ላይ 10 ከዜሮ በታች ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ሲጨመርበት፣ ባዶ ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ 21 ከዜሮ በታች ይሆናል። ነፋስ ደግሞ ሸንተረር ሲያቋርጥ ይታመቅና ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በ25 ስትራመዱ የነበረውን በ50 መንገዳገድ ትጀምራላችሁ። የተራራ ከፍታ ብቻውን ብዙ አይናገርም። አሜሪካ ያለው የዋሽንግተን ተራራ 1,917 ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ግን እዚያ የተመዘገበው ነፋስ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ነበር። ለእኔ ቀን የተተነበየው ከ30 እስከ 40 ነበር። ከወረቀቴ በታች ነው፤ ይበቃል።

የበረዶ ናዳን በተመለከተ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ሒሳቡ ይለያል። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። በቡድን የሚሄዱ ሰዎች አንዱ ቢቀበር ሌላው የሚያገኝበት መሣሪያ፣ ዘንግና አካፋ ይይዛሉ። የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች በኋላ በጣም ይወርዳል። ብቻዬን ስሆን ማን ይቆፍረኛል? መሣሪያውን ደረቴ ላይ ማንጠልጠሉ ሬሳዬን ለማግኘት ካልሆነ አይረዳኝም። ስለዚህ የቀኑ የናዳ ማስጠንቀቂያ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ካርታው ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ተዳፋት የማያቋርጠውን፣ ከሥሩም የማያልፈውን መንገድ መረጥኩ። ጫካ ለጫካ ስለሚዞር ረዘም ይላል። የሚያሳጥር ሌላ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀና ብዬም አላየሁትም።

የመጨረሻው ዝግጅት እህቴ ነበረች። የምሄድበትን መንገድ፣ መኪናዬ የሚቆምበትን ቦታና የልብሴን ቀለም ጽፌ ላክሁላት።

"11 ሰዓት ድረስ ካልደወልክ ምን ላድርግ?" አለች።

"ደውይልኝ። ካላነሳሁ ነፍስ አድን ሠራተኞቹን ጥሪ።"

"ትንሽ ልጠብቅ ወይስ ወዲያው?"

"ወዲያው።"

ይህን "ወዲያው" የሚለውን አስቀድሞ መስማማት ጥሩ ነው። አለበለዚያ ቤት ያለው ሰው "ምናልባት ስልኩ ዘግቶ ይሆናል" እያለ ሁለት ሰዓት ያቃጥላል።

ስነሳ በረደኝ። ይህ ሆን ተብሎ ነው። ዳገት ሲጀመር ሰውነት በአሥር ደቂቃ ይሞቃል። ደራርበህ ከተነሳህ ያልብሃል፤ ያ ላብ ደግሞ ላይ ስትደርስ ይበርድና ይቀጣሃል። ከሥር ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ነፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬት ብቻ ነበር የለበስኩት። ጥጥ ፈጽሞ አላደረግኩም። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይዝም፣ ቶሎም አይደርቅም። ላብ ጀመረኝ ባልኩ ቁጥር ቀስ አልኩ። ፍጥነቴን የወሰነው እግሬ ሳይሆን ጀርባዬ ነው ማለት ይቻላል።

ጫካው ውስጥ ያለውን ክፍል ብዙ የምለው የለኝም። ረጅም ነው፣ ጨለማ ነው፣ አሰልቺ ነው።

ዋናው ነገር የሆነው ዛፎቹ የሚያልቁበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቆምኩ። ነፋሱ ከላይ ይሰማል፣ እኔ ጋ ግን አይደርስም። ሸንተረሩ ላይ ማድረግ የሚኖርብኝን ሁሉ እዚህ ጨረስኩ። ወፍራሙን ጃኬት ደረብኩ። ፊቴን ሸፈንኩ፣ መነጽር አደረግኩ። ከፔርሙዝ ትኩስ ነገር ጠጣሁ፣ ኦቾሎኒ በላሁ። ጫማዬ ላይ ክራምፖን፣ ማለትም በረዶ የሚነክስ የብረት ጥርስ፣ አሰርኩ፣ የበረዶ መጥረቢያዬን በእጄ ያዝኩ። ሸንተረር ላይ ጓንት አውልቆ ማሰሪያ መፈታታት ከባድ ነው፤ ነፋስ ጓንትህን ቢወስደው ሁለተኛ ጥንድ የሚያውስህ ሰው የለም። ለዚህ ነው ጓንቶቼ በክር ከእጄ አንጓ ጋር የታሰሩት። ትርፍ ጥንድም ይዤ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት ያንን ቦታ ጂፒኤስ ላይ መዘገብኩት፤ የኮምፓሱንም አቅጣጫ ወረቀቷ ላይ ጻፍኩ። ወደ ጫፉ መሄድ ቀላል ነው፤ ሽቅብ መሄድ ብቻ ነው። አስቸጋሪው ስትመለስ ከሸንተረሩ ወደ ጫካው የምትወርድበትን ትክክለኛ ነጥብ ማግኘት ነው። ዱካዬን አያለሁ ማለት ሞኝነት ነው። ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፍነዋል።

ሸንተረሩ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋሱም ከግራ በኩል ይገፋኝ ነበር። በቀኝ በኩል፣ ነፋሱ በረዶውን በሚደፋበት ወገን፣ ክምሩ ከገደሉ አፋፍ አልፎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ ስታየው መሬት ይመስላል፤ ሥሩ ግን ባዶ ነው። ሲሰበር ደግሞ አንተ ከምትገምተው በላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ስለዚህ ድንጋይ የሚታይበትን፣ ነፋስ የሚመታውን የግራ ጎን ይዤ ሄድኩ። አይመችም። ግን የቆምኩት ተራራው ላይ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ያልጠበቅኩት ጥያቄ የገዛ ፊቴ ነበር። ከሰው ጋር ስትሄድ "አፍንጫህ ብርድ መትቶት ነጭ ሆኗል" የሚልህ አለ። እኔ የስልኬን የፊት ካሜራ መስታወት አደረግኩት። ስልኩን ከውስጥ ኪስ፣ ሰውነቴ አጠገብ ነበር የያዝኩት፤ ብርድ ባትሪውን ቶሎ ያወርደዋል። የውሃ ጠርሙሴንም ገልብጬ ነው የያዝኩት፤ ውሃ ከላይ ስለሚጋገር አፉ አይዘጋም። በየተወሰነ ጊዜ ደግሞ ጮክ ብዬ አወራ ነበር። ምላስ መንተባተብ ሲጀምር ሰውነት እየቀዘቀዘ ነው ማለት ነው። የሰማኝ ቢኖር ያበድኩ ይመስለው ነበር።

ጫፉ ላይ የደረስኩት 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከመመለሻ ሰዓቴ ብዙም አልቀደምኩም። ፎቶ አነሳሁና ዞርኩ። ቀጥሎ ያለው ጉብታ በጣም ቅርብ ይመስል ነበር። ሰዓቱን አየሁ፣ ወረቀቷን አስታወስኩ፣ ጉዳዩ አለቀ። ከራሴ ጋር ሙግት አለመግጠም እንዴት እንደሚያሳርፍ አላውቅም ነበር።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከብዳል። እግር ይደክማል፤ የክራምፖኑ ጥርስ የሱሪህን ጫፍ ሊይዝ ይችላል። ፀሐይ ያገኘው በረዶ ደግሞ ከክራምፖኑ ሥር እየተጣበቀ ጥርሶቹን ይደፍናቸዋል። በየጥቂት እርምጃው በመጥረቢያው እጀታ ጫማዬን እየመታሁ አራገፍኩት። ጭጋግ ባይኖርም የጫካው መግቢያ ከላይ ሲታይ ሌላ ቦታ ይመስል ነበር። ጂፒኤሱና ኮምፓሱ ተስማሙ፤ ሁለቱም የጠቆሙት እኔ የተጠራጠርኩትን አቅጣጫ ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ ሳልነካው የተመለሰ ብዙ ነገር ነበር። ወፍራም የላባ ጃኬት፣ የምቀመጥበት ስፖንጅ፣ ገብቼ የምጠለልበት ከረጢት፣ የሳተላይት መልእክት መላኪያ፣ ፊሽካ። በተራራ የድረሱልኝ ምልክት ፊሽካውን በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደገና መድገም ነው። ከባድ ነበር፣ ትከሻዬን አሞኛል። የጫንኩት ግን ለመራመድ አልነበረም። የታጠፈ ቁርጭምጭሚት ይዤ አምስት ሰዓት ሰው ስጠብቅ ምን ያስፈልገኛል ብዬ ነው። እየተራመድክ ስስ ልብስ ይበቃሃል፤ የተቀመጥክ ዕለት ግን ያው ልብስ ምንም አያደርግልህም።

ከመኪናዬ ደርሼ ለእህቴ ደወልኩ፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ለሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ዛፎቹ የሚያልቁበት ቦታ ላይ እስከ 4 ሰዓት ካልደረስኩ ወደ ሸንተረሩ አልወጣም። የ6 ሰዓት ተኩሉ ገደብ ብቻውን ሲሆን ሰውን ነፋሱ መሐል ያስሮጠዋል።