ጊትና የኤስኤስኤች ቁልፍ በባሕር ዳር ላፕቶፖች ላይ፦ እስካሁን የደረስንበት

ጊትን (የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ የሚይዘውን ፕሮግራም) መጫን ቀላሉ ነው። ኡቡንቱ ላይ አንድ የአፕት ትእዛዝ ይበቃል፤ ለዊንዶውስ «ጊት ፎር ዊንዶውስ» ኤስኤስኤችንም (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ይዞ ይመጣል። እንደተጫነ በጊት ኮንፊግ ስምና ኢሜይል አስገቡ። ኢሜይሉ በየኮሚቱ (በምትመዘግቡት እያንዳንዱ ለውጥ) ላይ ስለሚቀር፣ ሪፖው (ፋይሎቹና ታሪካቸው ያሉበት ማከማቻ) ክፍት ከሆነ ማንም ያየዋል፤ በኋላ ብትቀይሩትም የድሮዎቹ ኮሚቶች እንደነበሩ ናቸው። ስለዚህ ጊትሀብ (ሪፖ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) የሚሰጠውን፣ እውነተኛ ኢሜይላችሁን የሚሸፍን «ኖሪፕላይ» አድራሻ ከመጀመሪያው ተጠቀሙ።

ፋይል በአማርኛ ለምትሰይሙ፦ «ጣና» የሚል ፋይል ፈጥራችሁ ጊት ስታተስ ስትሉ በስሙ ፋንታ 341 214 243 341 212 223 የሚሉ ቁጥሮች በባክስላሽ (\) ተጣብቀው ይወጣሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ጊት ደግሞ እንዲህ ያሉትን ባይቶች በኦክታል (በስምንት ቤት) ቁጥር ይጽፋቸዋል። ኮር.ኮትፓዝ የሚባለውን የጊት ኮንፊግ መስመር «ፎልስ» አድርጉት፣ ጣና ተብሎ ይነበባል። ቆሮሶ፣ አምባዛ እያለ የአሳ መረጃ በየፋይሉ ለሚይዝ ሰው ይህች መስመር ትልቅ እፎይታ ናት።

በፓስወርድ ፋንታ ማንነታችሁን ለጊትሀብ ወደሚያረጋግጠው ቁልፍ እንሂድ። ጊትሀብ ከነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለፑሽ (ኮሚቶችን ወደ እሱ ለመላክ) የአካውንት ፓስወርድ አይቀበልም፤ የድሮ ቪዲዮ እያዩ የሚሞክሩ ሰዎች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። በኤስኤስኤች-ኪጅን ትእዛዝ ኢዲ25519 የሚባለውን ዓይነት ቁልፍ አውጡ። የይለፍ ሐረግ ሲጠይቅ በባዶው ኢንተር አትበሉ። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ግን እየገባ ነው። ሁለት ፋይሎች ይወጣሉ። በ«ፐብ» የሚያልቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጊትሀብ ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። «ቢጊን ኦፕን ኤስኤስኤች ፕራይቬት ኪ» ብሎ የሚጀምረው ከማሽኑ አይወጣም፤ በቴሌግራምም አይላክ፣ በፍላሽም አይዙር። በስሕተት ኮሚት ከተደረገና ፑሽ ከተባለ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል። ቁልፉን ከአካውንቱ ሰርዙና አዲስ አውጡ።

የፍላሽ ነገር በደንብ መታየት አለበት። በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ የፋይሉን ባለቤትና ፈቃድ አይመዘግብም። ሊኑክስ ላይ ቁልፉን ከፍላሽ ብታነቡት ኤስኤስኤች «ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ ይጥለዋል፤ ቺሞድ 600 (ለባለቤቱ ብቻ እንዲነበብና እንዲጻፍ የሚያደርገው ትእዛዝ) ብትሉም አይይዝም። ላፕቶፑ ላይ ግን ይይዛል፦ ቁልፉ ያለበት ፎልደር 700 (ለባለቤቱ ብቻ ክፍት)፣ ቁልፉ 600። ሪፖን በፍላሽ መያዝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ጥሩ ነው። ፍላሹ ላይ በጊት ኢኒት «ቤር» ሪፖ (ታሪኩን ብቻ የሚይዝ) ፍጠሩና እንደ ሪሞት (ፑሽ እንደሚደረግበት ሌላ ሪፖ) ጨምሩት፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ፑሽ ወደዚያ ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ ጊት «ዱቢየስ ኦውነርሺፕ» (ባለቤትነቱ ያጠራጥራል) ካለ ምክንያቱ ያው የባለቤት ጉዳይ ነው፤ የፍላሹን ፎልደር በጊት ኮንፊግ ሴፍ.ዳይሬክተሪ ላይ መዝግቡ።

ከጊትሀብ ጋር በኤስኤስኤች መገናኘቱን ስትሞክሩት የተጠቃሚው ስም ሁልጊዜ «ጊት» ነው፣ የእናንተ ስም አይደለም። መጀመሪያ የሚያሳያችሁን አሻራ (የሰርቨሩ ቁልፍ መለያ) ጊትሀብ ካሳተመው ጋር ሳታስተያዩ «የስ» አትበሉ። በስማችሁ ሰላም ብሎ «ሼል አልሰጥም» ካለ ተሳክቷል። የካፌ ወይም የግቢ ዋይፋይ ላይ ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ ኤስኤስኤች የሚጠቀምበት 22 ቁጥር ፖርት (የግንኙነት በር) ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ሆስትኔሙን ኤስኤስኤች.ጊትሀብ.ኮም፣ ፖርቱን 443 አድርጉ። ኖትፓድ በፋይሉ ስም ላይ «ቲኤክስቲ» እንዳይጨምር ተጠንቀቁ፤ ከጨመረ አይነበብም።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ኮሚት መሀል መብራት ከሄደ «ኦብጀክት ፋይል ኢዝ ኤምፕቲ» (የኦብጀክቱ ፋይል ባዶ ነው) የሚል ስሕተት ሊመጣ ይችላል። ጊት ትንንሾቹ ኦብጀክቶች (ታሪኩን የሚይዝባቸው ፋይሎች) ዲስክ ላይ እስኪያርፉ ስለማይጠብቅ ነው። ከጊት 2.36 ጀምሮ ኮር.ኤፍሲንክ የሚባለውን የኮንፊግ መስመር «ኦል» ማድረግ ያስጠብቀዋል፤ ትንሽ ያዘገያል እንጂ ያዋጣል። ከተበላሸ ደግሞ ከሪሞቱ እንደገና ክሎን አድርጉና (ሙሉ ቅጂ አውርዱና) የሠራችኋቸውን ፋይሎች በላዩ ገልብጡ፤ የሚጠፋው ካለፈው ፑሽ ወዲህ ያለው የኮሚት ታሪክ ነው።

ቀጣዩ ኮሚትን በዚሁ ቁልፍ መፈረም ነው። ለዚያ ጊት 2.34 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ እስከዚያው ቨርሽናችሁን እያያችሁ ቆዩ።