ኮምፖስት ከመጀመራችሁ በፊት ደረቁን ሰብስቡ

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከብሎካችን ጀርባ፣ በአጥሩና በሕንፃው መካከል ማንም የማይጠቀምበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የወጥ ቤት ቆሻሻችንን አበስብሼ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ማድረግ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዛሬ የ11 ቤት ልጣጭና የቡና አተላ ከግቢያችን አይወጣም፤ በዚህ እኮራለሁ። የመጀመሪያውን ክረምት ሳስብ ግን አሁንም እናደዳለሁ። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ ያ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ያነሳሳኝ የከተማችን ቆሻሻ መጣያ፣ ኮሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ እዚያ አካባቢ የሚኖሩ ዘመዶች ነበሩን። ስልካቸው እስኪነሳ ድረስ የነበረውን ሌሊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ፌስታል ቋጥሬ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ልጆች በሰጠሁ ቁጥር ያ ሌሊት ይመጣብኛል። በ2010 እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ እፎይ ብዬ ነበር። ግን ከእኛ ቤት የሚወጣው አብዛኛው እርጥብ ነው፤ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ አተላ። እርጥብ ማገዶ ይዞ የታገለ ሰው ይህ እንዴት እንደሚነድ ያውቃል። አንድ ሳምንት ሙሉ በሚዛን መዘንኩት፤ ከ9 ኪሎው 6 ኪሎ የሚበሰብስ ነው። ፕላስቲኩና ጠርሙሱ አያስቸግርም፣ ቆራሌው በር ድረስ መጥቶ ይወስደዋል።

የጀመርኩት ሐምሌ ላይ ነው። ግማሽ ቀን በሠለጠንኩት መሠረት ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ሥልጠናው ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ በየተራ ደርድራችሁ፣ አፈር አልብሱት ይላል። ዝናብ ለሚያጥረው አገር መልካም ምክር ነው፤ እርጥበቱን ይይዝለታል። አዲስ አበባ፣ ውኃ በማያሳልፍ ጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ፣ በክረምት ጉድጓድ ከቆፈራችሁ ግን የቆፈራችሁት ኩሬ ነው። ማንም ባለሙያ ቢመክራችሁ አትቆፍሩ። ከመሬት በላይ ከምሩት፣ በላዩ ቆርቆሮ አድርጉበት።

ዋናው ጥፋት ግን ደረቁ ነገር ነበር። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር ያስፈልጋል፦ የረገፈ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀዳደደ ካርቶን። ያለዚያ ክምሩ አየር ያጣል፤ አየር ሲያጣ ደግሞ መብሰሉ ቀርቶ ይሸታል። ሥልጠናው ላይ ይህን ሰምቻለሁ፣ ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። ግን ለገበሬ የተዘጋጀ ትምህርት ነውና ገለባ ከየት እንደሚመጣ ማንም አልተናገረም። ከተማ ውስጥ እርጥቡ በየቀኑ በራሱ ይመጣል፣ ደረቁን ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። እኔ በነሐሴ ምን ደረቅ ነገር አገኛለሁ? አራት ቤት ሰው እያመጣልኝ እርጥቡን በእርጥብ ላይ ስደፋ ከረምኩ።

በዚያው ሰሞን ፈቃድ ፍለጋ እሮጥ ነበር። ቦታው የጋራ ስለሆነ ከመንግሥት ወረቀት መያዝ አለብኝ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። የመጀመሪያው ቢሮ ጉዳዩ የጽዳት ነው አለኝ። የጽዳቱ ክፍል የከተማ ግብርና ነው አለ። የከተማ ግብርናው ባለሙያ መስክ ወጥቷል ተባለ፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በአራተኛው ሳገኘው ወደ ቤቶች ጉዳይ ላከኝ። አዋጅ ቁጥር 513/1999ን አትሜ ይዤ ነበር፤ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው መለየት እንዳለበት ይናገር ነበር። የቤቶች ጉዳዩ ሰው ሳያነበው መለሰልኝና “የነዋሪዎች ቃለ ጉባኤ አምጪ” አለኝ። አምስት ሳምንት ካመላለሱኝ በኋላ! ያንን በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ እሑድ ያልቅ ነበር። ለከፈልኩት የታክሲ ሳይሆን ከሥራ ለቀረሁበት ጊዜ ነው ዛሬም የምናደደው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስወርድ ጉድጓዱ ሞልቶ ፈስሷል። እንደ ዘይት የወፈረ ጥቁር ውኃ በቱቦው ጥግ ዞሮ ምድር ቤት ባሉት እማማ መስኮት ሥር ተኝቷል። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ሽንኩርቱ ቅርፊቱ እንኳ ሳይለወጥ ይንሳፈፋል፣ ትሉ ግድግዳውን ይዞ ወጥቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ያየኛል፤ እሱ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡና፣

“ልጄ፣ ይኸን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር፣ ‘እንዲህ ላደርግ ነው’ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አምስት ሳምንት ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ፈቃድ ስለምን፣ መስኮታቸው ሥር የቆፈርኩባቸውን ሴት አንድ ቀን አላናገርኩም። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ ሁሉንም አስወጣሁ፣ መኪናም የተከራየሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ያ ሁሉ ልጣጭ ተመልሶ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄደ።

ሁለተኛውን ጊዜ የጀመርኩት ከቡና ነው። መስከረም ላይ ኮሚቴውንና የምድር ቤቱን ሰዎች ቤቴ ጠርቼ አፈላሁ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ቃለ ጉባኤው በሁለተኛው ስኒ ላይ ተጻፈ። ቦታው ከእማማ መስኮት ወደ ማዶው አጥር እንዲዛወር የወሰኑት እነሱ ናቸው።

ደረቁን ያገኘሁት ኅዳር ሲታጠን ነው። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጠራርጎ ያቃጥላል፤ ጠዋት ጭሱ አያሳይም። ከዋዜማው በየብሎኩ ዞሬ ቅጠሉን ለእኔ ስጡኝ አልኩ። ቅር ያላቸው አዛውንቶች ነበሩ፤ ስለዚህ ለወጉ ያህል ትንሽ ይታጠን፣ ሌላው ይቅርልኝ ብዬ ተስማማን። ስድስት ጆንያ ሞላ። ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ ጨመርኩበት፤ ቺፕውድ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ሙጫ አለበትና አትውሰዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። እርጥብ በደፋችሁ ቁጥር በደረቅ ሸፍኑ፣ በሳምንት አንዴ አገላብጡ፣ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ጠብ ካለ ደረቅ ጨምሩ። ሥጋና ዘይት ያለበት ወጥ አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። በሁለተኛው ሳምንት እጄን መሐሉ ውስጥ ስከት ሙቀቱ አላስቆየኝም፤ የዚያን ቀን አለቀስኩ። መጋቢት ላይ በወንፊት ነፋሁት። ጥቁር፣ ዝናብ እንደነካው ጫካ የሚሸት አፈር ነበር። የመጀመሪያውን ባልዲ ለእማማ ጤና አዳም ወሰድኩላቸው።

ዘንድሮ ኅዳር 12 ጠዋት በሬን ስከፍት ሰባት ጆንያ ቅጠል ተደርድሮ አገኘሁ። አንደኛው ውስጥ ባህር ዛፍ ተቀላቅሎበታል፤ እሱ ቶሎ አይበሰብስም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኩት።